ስለ ቡድሂዝም ለጠየቃችሁኝ

ለዓመታት ሳነብበው የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቡድሃ አምላክ ነው ወይስ ሰው?

ሰው ነው። ስሙ ሲዳርታ ጋውታማ፣ የሻክያ ጎሳ ገዥ ቤተሰብ ልጅ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ ኖረ። የተወለደው ሉምቢኒ ነው፣ ዛሬ ኔፓል ውስጥ፤ የሕንዱ ንጉሥ አሾካ «ቡድሃ እዚህ ተወለደ» ብሎ ያስጻፈበት የድንጋይ ዓምድ አሁንም እዚያው አለ። ታሪኩ እንደሚለው በድሎት አድጎ ሳለ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አስከሬን፣ ከዚያም መናኝ አየና ዕረፍት አጣ። በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ወጣ። ስድስት ዓመት የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ጾመ፣ ግን የፈለገውን አላገኘም፤ ስለዚህ አንዲት ሴት የሰጠችውን በወተት የተቀቀለ ሩዝ በላና ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ላይ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ እውነቱ የተገለጠለትም እዚያ ነው ይላሉ። 35 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በ80 ዓመቱ ኩሺናጋር ላይ እስኪሞት ድረስ በእግሩ እየዞረ አስተማረ።

ጥያቄ፦ ዋናው ትምህርቱ ምንድነው? ባጭሩ።

መጀመሪያ ያስተማረው ቫራናሲ አጠገብ፣ ሳርናት ላይ ነው። ሰሚዎቹ አብረውት ይጾሙ የነበሩ፣ ምግብ ሲቀምስ ግን «ይሄማ ሰነፈ» ብለው ጥለውት የሄዱ አምስት መናኞች ናቸው። አራት ነገር ነገራቸው። ሕይወት ስቃይ አለበት። የስቃዩ ሥር ሙጥኝ ማለታችን ነው፤ ሁሉም ነገር እያለፈ እኛ አይለፍ እንላለን። ሙጥኝ ማለቱ ሲቀር ስቃዩም ይቀራል፣ ኒርቫና የሚሉት ይህን ነው። ወደዚያ የሚያደርስ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ፤ አመለካከትን፣ ንግግርን፣ መተዳደሪያን፣ አእምሮን መግራትን ሁሉ ይዟል። ተራው ምእመን ቢያንስ እንዳይገድል፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይዘሙት፣ እንዳይዋሽ፣ እንዳይሰክር ይጠበቅበታል።

ጥያቄ፦ እኔ ልጄን እወዳለሁ። ይሄም ሙጥኝ ማለት ነው?

መውደድ አልተከለከለም። ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት ልጇ ሞቶባት ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ትዞር ነበር። ቡድሃ «ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪልኝ» አላት። ሰናፍጩ በየቤቱ ሞልቷል፣ ያልሞተበት ቤት ግን ጠፋ። ልጇን ቀብራ ተመለሰች። እኔ ከትምህርቱ ሁሉ በጣም የምወደው ይህንን ነው፤ አትዘኚ አላላትም፣ አልሰበከላትምም፣ ሰው ቤት ነው የላካት።

ጥያቄ፦ ቡድሂስቶች ቋሚ ነፍስ የለም ካሉ ታዲያ ዳግም የሚወለደው ማነው?

ይህን ሚሊንዳ የተባለ የግሪክ ዘር ንጉሥም ናጋሴና የተባለውን መነኩሴ ጠይቆታል። መልሱ፦ ከአንዱ መብራት ሌላውን ብታበራ እሳቱ ይቀጥላል እንጂ ከዚህ ወደዚያ የተሻገረ ዕቃ የለም። የሚቀጥለው የሥራችን ውጤት ነው፣ ካርማ የሚባለው። ለእኔ ከባዱ ትምህርት ይሄ ነው፤ መልሱ አላረካኝም ብትሉ አልፈርድባችሁም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ አብራኝ የምትሠራው የስሪላንካ ልጅ ሐውልት ፊት አበባ ታስቀምጣለች። ጣዖት ማምለኳ ነው?

ጠይቂያት፣ ደስ ይላታል። አበባውን ሲያስቀምጡ የሚሉት ቃል «ይህ አበባ እንደሚጠወልግ ሥጋዬም እንዲሁ ይጠፋል» የሚል ነው። ስለዚህ በትምህርቱ መሠረት ለመምህሩ ክብር መስጠትና ሞትን ማሰብ ነው። በተግባር ግን እርዳኝ ብሎ የሚለምን ምእመን ሞልቷል፣ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። አገሯ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ሁሉ በዓል ነው፤ ያን ቀን ነጭ ለብሰው ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ቡድሃ ነው የሚሉት ያ ቦርጫምና ሳቂታው ሐውልትስ?

እሱ ሌላ ሰው ነው፤ ቡዳይ የተባለ የቻይና መነኩሴ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ደርሶ ያውቃል?

ሃይማኖቱ አልተስፋፋም፤ የቡድሃ ታሪክ ግን ደርሷል! ከሕንድ ተነሥቶ በየአገሩ ቋንቋ እየተቀባበሉት የክርስቲያን ታሪክ ሆነ፦ ቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገ፣ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ የደነገጠ፣ በኋላም የመነነ የንጉሥ ልጅ። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት፤ «በራላም ወይዋሴፍ» ይባላል። ግዕዝ የምታነቡ ካላችሁ ፈልጉትና የልዑሉን ከቤተ መንግሥት መውጣት ከላይ ከነገርኳችሁ ጋር አስተያዩት።