ሽንኩርቱ ለምን አልተኮማተረም? የተቀቀለው ጉበትስ ለምን አረፋ አወጣ?

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂዎቹ ባህር ዳር የሚማሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በአዮዲን አቅልመው የጨው ውሃ ጨመሩበት፤ በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ሴሉ አልተኮማተረም። ኦስሞሲስ (ውሃ በሴሉ ስስ ሽፋን አልፎ የሚያደርገው ጉዞ) ላይ ደግሞ አንዱ ደብተር «ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ» ይላል፣ ሌላው «ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ» ይላል፤ የቱ ነው ትክክል? በመጨረሻም ጣና ሐይቅ ዳር ከገዙት ቆሮሶ ዓሣ ጉበት አውጥተው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨምሩበት ጥሬውም የተቀቀለውም አረፋ አወጣ።

የሽንኩርቱን ሥራ ያበላሸው አዮዲኑ ነው። አዮዲን ሴሉን ይገድለዋል። የሞተ ሴል ሜምብሬን፣ ማለትም ሴሉን የሚከብበው ስስ ሽፋን፣ ደግሞ መርጦ ማሳለፍ አይችልም፤ ጨውም ውሃም እንዳሻው ይገባል ይወጣል። በውስጥና በውጭ መካከል ውሃ የሚስብ ልዩነት ካልቆየ የሚኮማተር ነገር የለም። ኒውክለስ (የሴሉን እምብርት) ለማየት አዮዲን ጥሩ ነው። ኦስሞሲስ ለማየት ግን ሴሉ በሕይወት መኖር አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ስላይድ ላይ አታጣምሩ።

ማቅለሚያ መፈለግም አያስፈልጋችሁም። ከገበያ የምንገዛው ቀይ ሽንኩርት ቀለሙን ይዞ ነው የመጣው። ቀለሙ አንቶሲያኒን ይባላል፣ የሚገኘውም ቫኩኦል በሚባለው የሴሉ ትልቅ የውሃ ከረጢት ውስጥ ባለው ውሃ ሟሙቶ ነው። ቫኩኦሉ ውሃ ሲያጣ ይጠብባል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ለዓይን ከዚህ የቀለለ ምስክር የለም። እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። በቀላሉ የሚላጠው በሽንኩርቱ ንጣይ ጎድጓዳ፣ ማለትም በውስጠኛው ገጽ ላይ ያለው ሽፋን ነው፤ እሱ ቀለም የለውም። የምትፈልጉት በጎባጣው፣ በውጭኛው ገጽ ላይ ያለውን ወይን ጠጅ ሽፋን ነው። በምላጭ በየአቅጣጫው 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ጫሩ፣ ጠርዙን በወረንጦ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ነጭ ሥጋ ተከትሎ ከመጣ ወፍሯልና ድገሙት፤ ሴሎቹ ከተደራረቡ ምንም አይለይም።

መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ጠብታ ላይ አድርጋችሁ፣ ሽፋን መስታወቱን በአንድ ጎን አስደግፋችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ የአየር አረፋ ይይዛል፣ ያ ጥቁር ጠርዝ ያለው ክብ ነገር ደግሞ ሴል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይሳላል። በአነስተኛው ሌንስ አግኙት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ስላይዱን ሳታነቃንቁ በሽፋኑ አንድ ጠርዝ የስኳር ውሃ ጠብ አድርጉ፣ በሌላው ጠርዝ የሶፍት ጫፍ አስነኩ። ሶፍቱ ውሃውን ሲመጥ የስኳር ውሃው ተስቦ ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙትና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ወይን ጠጁ ቀለም ከማዕዘኖቹ መሸሽ ይጀምራል፣ ከዚያ መሐል ላይ ሰብሰብ ይላል። ፕላዝሞሊሲስ ማለት ይህ ነው። ወዲያውኑ በዚያው መንገድ ንጹሕ ውሃ አሳልፉበት፤ ቀለሙ ተመልሶ ሴሉን ከሞላ ሴሉ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ካልተመለሰ ወይ ብዙ አቆይታችሁታል፣ ወይ የስኳር ውሃው በጣም ወፍሮ ገድሎታል።

ከጨው ይልቅ ስኳር የመረጥኩት በምክንያት ነው። 5 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.86 ሞላር ገደማ፣ ማለትም በሊትር 0.86 ሞል ነው (ሞል የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው)፤ ጨው ሲሟሟ ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ ስለሚለያይ በሊትር 1.7 ሞል የሚጠጋ ቅንጣት ይሆናል። 1 ሞላር ስኳር ለመሥራት ግን 34.2 ግራም ለ100 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፣ ቅንጣቱም 1 ሞል ብቻ ነው። ማለትም ያቺ ትንሽ የመሰለችው ጨው ከዚያ ሁሉ ስኳር ትበልጣለች። በማንኪያ ገምቶ ጨው የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ሴሉን ይጨርሰዋል።

ስኳሩን ስትሠሩ 34.2 ግራሙን 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አትጨምሩት። ስኳሩ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ጠቅላላው 121 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይደርስና 0.83 ሞላር ሆኖ ይቀራል። በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ፣ ከዚያ ውሃ እየጨመራችሁ እስከ 100 ምልክት ሙሉት። ከዚህ ሌሎቹን ማቅጠን ቀላል ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር ከዚህ፣ 7 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 0.3 ሞላር ይሆናል። ከ0.2 እስከ 0.8 አዘጋጅታችሁ በእያንዳንዱ 50 ሴል ብትቆጥሩ፣ ግማሾቹ መኮማተር የጀመሩበት የስኳር ውሃ ከሴሉ ውስጥ ጋር የሚቀራረበው ነው። ይህን የሠራ ተማሪ ኦስሞሲስን አይረሳውም።

ስትስሉ አንድ ነገር አደራ፤ ሜምብሬኑን አየነው ብላችሁ ሁለት መስመር አትሳሉ። ሜምብሬን ከ7 እስከ 8 ናኖ ሜትር ነው ውፍረቱ፣ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖ ሜትር በታች ያለን ዝርዝር አይለይም። ያያችሁት የቀለሙን ጠርዝ ነው፣ ሜምብሬኑ እዚያ እንዳለ የምናውቀው በዚያ ጠርዝ ነው። ከሜምብሬኑ ውጭ ያለው የሴሉ ግድግዳ ግን ሴሉሎስ ከሚባል ጠንካራ ነገር ስለተሠራ ቅርጹን ይዞ ይቆማል። በግድግዳውና በተሰበሰበው ክፍል መካከል ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ ውስጥ ምን አለ? ፈተና ላይ የሚወደድ ጥያቄ ነው። መልሱ «አየር» ወይም «ሳይቶፕላዝም» አይደለም፤ ከውጭ የጨመራችሁት የስኳር ውሃ ነው። ግድግዳው ስኳሩን ያሳልፋል፣ ሜምብሬኑ ነው የሚከለክለው።

ሁለቱ ደብተሮች ደግሞ አልተጣሉም። አንዱ ስለ ውሃው ይናገራል፣ ሌላው ስለ ሟሟው ነገር። ውሃ ራሱ ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል፤ ያው ጉዞ ከስኳሩ ወይም ከጨው አንጻር ሲነገር ካነሰበት ወደበዛበት ይሆናል። ስለዚህ «ከፍተኛ ኮንሰንትሬሽን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ የምን እንደሆነ ጻፉ። ነጥብ የሚያስቀንሰው ያ የተዘለለ አንድ ቃል ነው። ውሃው የሚጓዘውም በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ኦስሞሲስ የምንለው አመዛዝኖ የቀረውን ነው። አብዛኛው ውሃ በፍጥነት የሚያልፍባቸው አኳፖሪን የሚባሉ የፕሮቲን በሮች አሉ፤ ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በእነሱ ምክንያት ነው። ወጥ ቤት ውስጥም ታዩታላችሁ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎ ጨው ተነስንሶበት ጥቂት ሲቆይ ሳህኑ ውሃ ይቋጥራል፣ የጠወለገ ጎመን ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀጥ ይላል።

ለማጠቢያ የሐይቅ ውሃ ተጠቅማችሁ ከሆነ ሴሉን አይጎዳውም፤ የጣና ውሃ ጨው የሌለው ያህል ነው። ለቆሮሶውም እንደዚያው ነው፤ ሰውነቱ ከሐይቁ የበለጠ ጨው ስላለው ውሃ ሳያቋርጥ ይገባበታል፣ እሱም ብዙ ቀጭን ሽንት እየሸና፣ ጨዉን በስንጥቡ መልሶ እየሰበሰበ ይኖራል። ሐይቁ ዳር እጃችሁን ነክራችሁ ውሃ መቅዳቱን ግን ተዉት። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው፣ እጭዋም በቆዳ ትገባለች። የቧንቧ ውሃ ይበቃል።

ጉበቱ ጋ ስንደርስ፣ ጥርጣሬዬ በቁራጩ ትልቅነትና በወረንጦው ላይ ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ካታሌዝን፣ ማለትም ጉበት ውስጥ ያለውን ፐርኦክሳይድን በትኖ አረፋ የሚያስወጣ ኢንዛይም፣ ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው፣ ከፍታውን አትክሰሱ። ነገር ግን ወፍራም ጉበት ለአንድ ደቂቃ ሲፈላ ውጭው ግራጫ ሆኖ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ባቄላ የሚያክል፣ 1 ግራም ገደማ ቁረጡ፣ ፍጩት፣ በትንሽ ውሃ አምስት ደቂቃ ሙሉ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ 3 ፐርሰንት ፐርኦክሳይድ 5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ለጥሬው የያዛችሁበትን ወረንጦ ሳታጥቡ ለተቀቀለው ከተጠቀማችሁ የቀረችው እርጥበት ብቻ አረፋ ታስነሳለች። በትክክል ተቀቅሎም አልፎ አልፎ ጥቂት ትናንሽ አረፋዎች ቢለጠፉበት አትደንግጡ፤ በደሙ ያለው ብረት ፐርኦክሳይድን በዝግታ ይበትናል። ስለዚህ «አወጣ / አላወጣም» ብላችሁ አትጻፉ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ አረፋው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወጣ በማስመሪያ ለኩ።

ሪፖርቱ ላይ «ኢንዛይሙ ሞተ» የሚለውን ሰርዙት። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ሕይወት የለውም፤ የሚጠፋው ቅርጹ ነው። ሙቀቱ የፕሮቲኑን ሰንሰለት አይበጥስም፣ ሰንሰለቱን አጣጥፈው የያዙትን ደካማ ትስስሮች ይፈታል፤ ፐርኦክሳይዱ የሚገጥምበት ጎድጓዳ ቦታ ያኔ ይጠፋል። የእንቁላል ነጭ ሲጠበስ እንደሚረጋው ማለት ነው፤ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም። ብርድ ግን ያዘገየዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ከበረዶ የወጣ ጉበት ሲሞቅ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥሬውም አረፋ እምቢ ካለ ጠርሙሱን ጠርጥሩ። ፐርኦክሳይድ ከተከፈተ በኋላ ብርሃንና ሙቀት ያረጀዋል፤ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ጥሬ ድንች ላይ ጠብ አድርጋችሁ አረጋግጡ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ይህን ጨምሩበት። አረፋው ሲቆም ፈሳሹን ወደ ሌላ ቱቦ ገልብጡት። በቀረው አሮጌ ጉበት ላይ አዲስ ፐርኦክሳይድ ጨምሩ፤ እንደገና ይፈላል። በተገለበጠው ፈሳሽ ላይ ደግሞ አዲስ ጉበት ጣሉ፤ ጸጥ ይላል። ያለቀው ፐርኦክሳይዱ እንጂ ኢንዛይሙ እንዳልሆነ ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን አቁማችሁ ለክፍሉ አሳዩ።