ጥቀርሻው ከመስታወቱ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኮምቦልቻ ለሠራው ቤት በጋዝ የሚሠራ ፋየር ፕሌስ (ባለ መስታወት የቤት ማሞቂያ ምድጃ) ልኮ ነበር። ቤቱ ሲከራይ፣ እማዬም ብርዱ ስለጸናባት፣ አስነቅለን ደሴ አመጣነው። እዚያ ሳለ መስታወቱ ብዙም አይጠቁርም ነበር፤ እዚህ ግን በ3 ቀን ከሰል ይመስላል። በዱቄት ሳሙናና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ብፈትገው ተቧጨረ። እሳቱም ረጅምና ቢጫ ነው። አንድ ባለሙያ አይቶት “መስታወቱን በየሳምንቱ አጽጂ” ብሎኝ ሄደ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዕቃው አልሞተም። ግን የምነግርሽን ሳትጨርሺ እንዳትለኩሺው። ጥቀርሻ ማለት ጋዙ በወጉ ሳይቃጠል ሲቀር የሚተርፍ ካርቦን ነው፤ እሱ ባለበት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይጠፋም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኝቶ ስላልነቃ ሰው ደሴ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ገዳዩ ይኸው ነው። መስታወት በየሳምንቱ ማጽዳት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ፊት እንደ ማጠብ ነው።

ቢጫነቱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። የወጥ ምድጃ እሳት ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ፋየር ፕሌስ ግን እንጨት እንዲመስል ሆን ተብሎ ቢጫ ይደረጋል። የሚያስፈራው ጫፉ ሲጨስ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሳቱ መሐል የተደረደሩትን እንጨት መሳይ ሸክላዎች ነው። ሲነቀልና ሲጫን ከቦታቸው ተናግተዋል። ነበልባል እንጨቱን ሲልሰው ይቀዘቅዝና ጥቀርሻ ይተፋል። ከሥራቸው ጉጥ ወይም ቀዳዳ አለ፤ በየቦታው መግጠም አለበት። የመመሪያው ሥዕል ከጠፋ ወንድምሽ በሞዴል ቁጥሩ ይፈልግልሽ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሐረጎ፣ የኮምቦልቻና የደሴ መንገድ ዳገት ነው፤ አልቀለድኩም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ዳገቱን ስትወጪ ግን አየሩ ይሳሳል። እናትሽን ጠይቂያት፣ ባቄላ ደሴ ላይ ለምን እንደሚያስቸግር ታውቃለች፤ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ነው። እሳቱም እንዲሁ ነው። ኖዝሉ (ጋዙ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ) የሚለቀው ጋዝ ብዙም ሳይቀንስ አብሮት የሚገባው ኦክስጅን አነሰ። አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎች ሲሠሩበት የኖረው ደንብ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ጋዙን 4 በመቶ ያህል መቀነስ ነው፤ ለደሴ ሲሰላ ሲሶ ያህል ይሆናል። ይህ የሚስተካከለው በኖዝልና በአየር ማስገቢያው ነው፤ አንቺም እኔም በቢላ የምንነካው አይደለም። ለባለሙያው ግን “ከኮምቦልቻ የመጣ ነው” ብለሽ ንገሪው፤ ያኛው ሳይጠይቅሽ የቀረው ይህን ነው።

ከሥር የተለጠፈችውን የብረት ጽሑፍም አንብቢ፤ ፕሮፔን (የሲሊንደር ጋዝ) ትላለች ወይስ ናቹራል ጋዝ? አሜሪካ ብዙ ቤት በቧንቧ የሚገባው ናቹራል ጋዝ ነው። ለእሱ የተበሳ ኖዝል ለእኛ ሲሊንደር ሰፊ ነው፣ ከልክ በላይ ይለቃል። የጭስ መውጫውንም አሳዪ። በብዙዎቹ ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ ነው፤ በውስጠኛው ጭስ ይወጣል፣ በውጭኛው አየር ይገባል። ወፍ ጎጆ ከሠራችበት ወይም ሲገጠም መጋጠሚያው ከላላ እሳቱ የራሱን ጭስ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ሲሊንደሩን ዝጊና ሌሊቱን ይደር። እኔ አንድ ጊዜ ሆጤ ውስጥ ሰው ቤት ቸኩዬ ለብ እያለ ነካሁት፤ ማጽጃው መስታወቱ ላይ ጋገረና ነጭ ካርታ ሆኖ ቀረ። ከኪሴ ነው የተካሁት። መስታወቱን አውጥተሽ ብርድ ልብስ ላይ አጋድሚው። ለቀላሉ ጭጋግ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ በጥጥ ጨርቅ ይበቃል። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ፣ አሸዋማ ሳሙናና ሽቦ ክልክል ነው። የቧጨርሽውን በጥፍርሽ ዳስሺው፤ ጥፍር ከያዘ መስታወቱ ይቀየር፣ ሙቀት ሲያገኘው ከዚያች ጭረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርዙ ላይ ያለው ገመድ መሳይ ማሸጊያም ከተበጣጠሰ አብሮ ይቀየር።

እንጨቶቹ ውሃ አይነካቸው። አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊ። የማቃጠያውን ቀዳዳዎች በብስክሌት ፖምፓ ንፊ፤ ሸረሪት እዚያ ድር ማድራት ትወዳለች፣ በተለይ ወራት ሳይነድ ከቆየ። እንደ ድሮ ፕሪሙስ በመርፌ እንዳትወጊው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ወደ ልኩ አይመለስም።

ስትመልሺ የጎማውንና የሬጉሌተሩን መጋጠሚያ የኦሞ አረፋ ቀቢው። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፤ ዝጊው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ከመጣ በሩን አሳዪው። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቆሞ ይቀመጥ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቤት ውስጥ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። እስኪስተካከል ድረስ እማዬን ጋቢ ደርቢላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከተስተካከለም በኋላ ጋቢው ሳይሻል አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። የጋዝ ኦቨኔ ይለኮሳል፤ ቁልፉን ስለቀው ግን ይጠፋል። ቁልፉ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ ቁልፉን ለመቀየር አትቸኩል። እሳቱ አጠገብ ቀጭን ዘንግ አለች፣ ቴርሞካፕል ትባላለች። ስትግል ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ በዚያ ነው ጋዙ ክፍት ሆኖ የሚቆየው። ቁልፉን ተጭነህ እስከ 30 ሴኮንድ ቆይ። እንቢ ካለ ጋዙን ዘግተህ፣ ሲቀዘቅዝ ጫፏን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጋት፤ ነበልባሉ ጫፏን መንካቱንም እይ። ያም ካልሠራ እሷን አስቀይር፤ ከቁልፉ ትረክሳለች።