የውጭ ድጋፍ የጦርነትን ውጤት ይለውጣል ወይ? ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆች፣

ጦርነት በረዘመ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይረዝማል። አንዱ «እነ እገሌ መሣሪያ ልከውለታል፣ በቃ አለቀ» ይላል። ሌላው «የውጭ እርዳታ ማንንም አድኖ አያውቅም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የዛሬን ዜና አይተው ነው የሚናገሩት። የትናንቱን ገልጦ ያየ ጥቂት ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዕቃ አቅርቦት ሥራ ነው። ግዢ፣ ማጓጓዝ፣ መጋዘን፣ መለዋወጫ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። ሥራው ግን አንድ አመል አስይዞኛል። ስለ ጦርነት ሳነብ ዓይኔ ታንኩን አልፎ ወደ ነዳጁና ወደ መካኒኩ ይሄዳል። ምክሬም ከዚያ የመጣ ነው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የማምንበትን ቶሎ ልንገራችሁ። የውጭ ድጋፍ ውጤት ይለውጣል፤ ብዙ ጊዜም ለውጧል። የሚለውጠው ግን ተቀባዩ በራሱ የያዘውን ነገር ሲሞላለት ነው። ጨርሶ የሌለውን ሊተካለት ከሞከረ ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛለት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ሲዋጉ ግን የፈረንሳይ ወርቅ በደንብ አድምቋቸዋል። ፈረንሳይ ከ1776 ጀምሮ ባሩድና ጠመንጃ በስውር ትልክ ነበር። በይፋ የተሰለፈችው በየካቲት 1778 ነው። ለምን ያኔ? ከጥቂት ወራት በፊት አሜሪካኖቹ ሳራቶጋ ላይ አንድ ሙሉ የእንግሊዝ ጦር እጅ አሰጥተው ነበር። ማንም ቢሆን ገንዘቡን ሊያሸንፍ ይችላል ብሎ ባሰበው ላይ ነው የሚጥለው።

ከዚያ በ1781 ዮርክታውን ላይ የሆነውን ተመልከቱ። የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ ባሕሩን ተደግፎ መርከብ ይጠብቃል። የፈረንሳይ መርከቦች ቀድመው መግቢያውን ዘጉት። በየብስ የአሜሪካና የፈረንሳይ ጦር ከበበው። በጥቅምት እጁን ሰጠ። አሜሪካኖቹ እግረኛ ነበራቸው፣ አዛዥ ነበራቸው፣ የሚዋጉለት ነገርም ነበራቸው። የጎደላቸው ትልቅ የባሕር ኃይል ነው፤ እሱን ደግሞ በጥቂት ዓመት ሠርቶ ማውጣት አይቻልም። የመጣላቸው ልክ የጎደላቸው ነበር። በነገራችን ላይ ፈረንሳይ ለዚያ ጦርነት ያወጣችው ወጪ ዕዳዋን አክብዶ ለ1789ኙ አብዮት አንዱ ምክንያት ሆኗል። ደጋፊም ሒሳብ ይከፍላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ተመሳሳይ ነገር አለ። አሜሪካ ለሶቪየት ኅብረት ከላከችው ሁሉ የእኔን ቀልብ የሚስበው የጭነት መኪናው ነው። ጂፖቹን ጨምሮ 400,000 ገደማ ተሽከርካሪ ተልኳል። በ1941 ጀርመንን ሞስኮ ደጃፍ ላይ ያቆመው የሶቪየት ወታደር ነው፤ እርዳታው ያኔ ገና ጅምር ነበር። በኋላ ቀይ ጦር ወደ በርሊን ሲገሰግስ ግን ጥይቱንና ስንቁን በእነዚያ መኪኖች ያመላልስ ነበር። ዜና ላይ መኪና እንደ ሚሳኤል አያስጨበጭብም። ግንባር ላይ ያለ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን ታሪክ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ እሱ ነውና። አንድ መንግሥት (ደርግ)፣ አንድ ደጋፊ፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ። ውጤቱ ግን ሁለት።

በሐምሌ 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ጅጅጋን ያዘ። ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች፤ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬም በኅዳር የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረ። ከዚያ በአየርና በባሕር ታንኩ፣ መድፉ፣ ሮኬቱ ጎረፈ። ከ15,000 የማያንሱ የኩባ ወታደሮችም መጡ። በመጋቢት 1978 ጅጅጋ ተመለሰች፤ የሶማሊያ ጦርም ለቆ ወጣ። ድጋፉ ውጤቱን ቀይሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ግን የኩባ ጦር በብዛት ከመግባቱ በፊት የሆነውንም አትርሱ። በነሐሴ 1977 ድሬዳዋ ላይ የሶማሊያን ጥቃት የመከተው የኢትዮጵያ ሠራዊት ነው። በአየር ላይ የበላይነቱን የያዙት ደግሞ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ናቸው፤ ያበረሩትም ኤፍ-5 የተባለውን የአሜሪካ አውሮፕላን ነበር። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ፊቷን አዙራለች። አብራሪውና የምድር ቴክኒሻኑ ግን የትም አልሄዱም። ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ደጋፊው ቢኮርፍም ቤቱ ይቀራል። እኔ ስለ ውጭ ድጋፍ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ይኼ ነው።

ሰሜኑ፣ ለኤርትራ ነፃነት ከሚዋጋው ከሻዕቢያ ጋር የተደረገው ጦርነት፣ ሌላ ሆነ። ያው የሶቪየት መሣሪያ በገፍ መጣ። በ1982 ናቅፋን ለመያዝ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተከፈተ፤ አልተሳካም። በመጋቢት 1988 አፋቤት ወደቀች፤ ብዙ ከባድ መሣሪያ በሻዕቢያ እጅ ገባ፤ የሶቪየት አማካሪዎች ሳይቀሩ ተማረኩ። ልብ በሉ፣ አፋቤት ስትወድቅ የሞስኮ መሣሪያ ገና አልተቋረጠም ነበር። ታዲያ ምን ተለየ? ኦጋዴን ውስጥ ጠላቱ ድንበር ተሻግሮ የመጣና የስንቅ መስመሩ የረዘመበት ጦር ነበር። ሰሜን ላይ ግን ጥያቄው ፖለቲካዊ ነው። ታንክ ኮረብታ ያስይዛል፤ የፖለቲካ ጥያቄ አይመልስም። በዚያ ላይ አዛዦቹ መንግሥታቸውን አያምኑም፤ እሱም አያምናቸውም። በ1989 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ፤ ሠራዊቱ ብዙ የበሰሉ አዛዦቹን አጣ። ይህን ጉድለት ሞስኮ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ጭና ልትልክ አትችልም። ኩባም ብትሆን ወታደሮቿን በኤርትራው ጦርነት አላሰለፈችም። ደጋፊ የራሱን ጦርነት ይመርጣል። በ1991 ደርግ ወደቀ፤ ሁሉም ነገር አበቃ።

«ዋናው የደጋፊው ጦር መውጣት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በሶቪየት ይደገፍ የነበረውን የአፍጋኒስታን መሪ ናጂቡላን አንሱበት። የሶቪየት ጦር በየካቲት 1989 ተጠቃልሎ ሲወጣ ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይወድቃል ብሎ ነበር። አልወደቀም። በዚያው ዓመት ጀላላባድ ላይ የመጣበትን ትልቅ ጥቃት መከተ። ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ወታደሩ ቢወጣም ነዳጁ፣ እህሉ፣ ጥይቱና ገንዘቡ ይመጣ ነበር። ናጂቡላ በዚያ ገንዘብ የሚሊሻ አለቆችን ያቆይ ነበር። ከጥር 1992 ጀምሮ ሁሉም ቆመ። ደሞዝ ሲቀር ታማኝነትም ቀረ፤ ከሰሜን የጄኔራል ዶስተም ሚሊሻ ከዳ። በሚያዝያ መንግሥቱ ፈረሰ። በውጭ ገንዘብ የተገዛ ታማኝነት የሚቆየው ገንዘቡ እስካለ ነው።

እዚያው አገር በ2021 የሆነውን እናንተም በስልካችሁ አይታችሁታል። አሜሪካ ጦሯን ስታወጣ አውሮፕላኖቹን የሚጠግኑት የውጭ ኮንትራክተሮች አብረው ወጡ። አውሮፕላኑ አለ፣ አብራሪው አለ፣ የሚጠግነው ግን የለም። ነሐሴ 15 ካቡል በታሊባን ተያዘች። ምክንያቱ ይኼ ብቻ ነው አልልም፤ የሠራዊቱ ሞራልና የመንግሥቱ ሙስናም አለ። እኔ ግን በሙያዬ የተነሳ ከመካኒኩ አላልፍም።

እንግዲህ ዜና ስታነቡ እንዲህ አድርጉ። «ይህን ያህል ቢሊዮን ተፈቀደ» ሲባል ቶሎ አትደሰቱ፣ ቶሎም አትደንግጡ። የተፈቀደው መቼ ይደርሳል? ማን ይጠግነዋል? ጥይቱ እዚያው ይመረታል ወይስ በየወሩ ይለመናል? የላኪው አገር ምርጫ መቼ ነው? ይህ የመጨረሻው እንደ ቀልድ የሚታይ ጥያቄ ነው፤ ግን አንዳንዴ ከግንባሩ ወሬ ይበልጣል። ረጅም ጦርነት ውስጥ ያለ ሕዝብ የሚቆጥረው የልጆቹን ቁጥር ነው። ደጋፊው የሚቆጥረው በጀቱን ነው። ይህን ስል ደጋፊን ክፉ ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ሌላው ወገንስ ማን አለው? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ጥናት ያደረጉ ምሁራን ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ የውጭ እጅ ሲገባ ጦርነቱ ይረዝማል፣ በተለይ በሁለቱም በኩል ከገባ። ኮሪያን ውሰዱ። በ1950 ሰሜኑ ወረረ፤ በአሜሪካ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደቡብን አዳነና ወደ ሰሜን ገፋ። በዚያው ዓመት ቻይና ገብታ መልሳ ገፋችው። ሁለቱም ድጋፎች ደንበኞቻቸውን ከመጥፋት አድነዋል። ማንንም ግን አሸናፊ አላደረጉም። ንግግር የተጀመረው በሐምሌ 1951 ነው፤ የተኩስ አቁሙ የተፈረመው በሐምሌ 1953። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተነጋገሩ ተዋጉ። ዋናው ያጣላቸው የምርኮኞች ጉዳይ ነበር፤ አገሬ አልመለስም የሚል ምርኮኛ በግድ ይመለስ ወይስ አይመለስ? መስመሩ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብዙም ፈቀቅ አላለም።

ስለዚህ የመሣሪያውን ዝርዝር ስትከታተሉ የንግግሩንም ዜና አትዝለሉት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ቪዲዮ የለውም። ግን ከእናንተ መካከል ነገ ጋዜጠኛ፣ ዲፕሎማት ወይም የጦር መኮንን የሚሆን ካለ፣ ብዙ ሥራ የሚጠብቀው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

በሉ ደኅና ሁኑ። በዚህ የማይስማማ ካለ ይጻፍልኝ፤ የኦጋዴኑን ጉዳይ በተለይ ከአባቶቹና ከአጎቶቹ የሰማ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።