የፓይለት እናት በነፃ ትበራለች ወይ?

እህቴ፣ «ወንድሜ ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ረዳት ፓይለት ሆነ፤ እማዬ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በነፃ ትመላለሳለች? እሱስ ቤቱ ያድራል?» ላልሽው፦ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ሳይሆን በቅናሽ ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት በተለምዶ ወንበር አያስይዝም። ቀረጡ ይከፈላል፤ ከዚያ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ገብቶ ቦታ ከተረፈ ይሳፈራሉ።

ሰው በጣም የሚናደደው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ሲመለስ ነው። ምክንያቱ ክብደት ነው። የኮምቦልቻ ሜዳ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ጭነት ሲቀነስ ቀድሞ የሚቀረው ተጠባባቂው ነው። እናትሽ የጠዋቱ በረራ ካለ እሱን ይምረጡ፣ ሻንጣቸውን ያቅልሉ። የሚነሱት ከደሴ ከሆነ፣ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ መድረሱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጭጋግ ካለ በጊዜ ይውጡ። የአውቶቡስ ገንዘብም ይያዙ። በግሸን ማርያም ሰሞን፣ መስከረም 21 ዙሪያ፣ ባይሞክሩት ይሻላል።

ወንድምሽ በቀን አራት ጊዜ ተነስቶ ማረፉ የተለመደ ነው። በየማረፊያው ባለችው አጭር ጊዜ አንደኛው ፓይለት ወርዶ አውሮፕላኑን ይዞራል፦ ጎማውን፣ የዘይት ፍሳሽ መኖሩን፣ የፕሮፔለሩ ስድስት ምላጮች በጠጠር ተቧጭረው እንደሆነ ያያል። ምሳም በዚያው መሀል ነው። ውጭ አገር ከሚበሩት ይልቅ ቤቱ ብዙ ያድራል። ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለሚነሳ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አትደውሉበት።