«ሲምፖዚየም»፣ «ግብዣ» ወይስ «ምርፋቅ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት ግሪኮች አመጋገብ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ወንዶቹ ጋደም ብለው ወይን የሚጠጡበትን «ሲምፖሲዮን» እንዳለ «ሲምፖዚየም» ብለው አንባቢ የምሁራን ስብሰባ ይመስለዋል። «ግብዣ» ልበለው? «በማዕድ ተቀመጡ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ እኔም በዚሁ ነገር ከባልንጀሮቼ ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። «ሲምፖሲዮን» ከ«ሲን» (አብሮ) እና ከ«ፖሲስ» (መጠጣት) የተገጠመ ስም ስለሆነ በቁሙ ሲፈታ አብሮ መጠጣት ማለት ነው። ዕብራይስጥም ግብዣን «ሚሽቴ» የሚለው ከመጠጣት አውጥቶ ነው፤ ሥሩ ከግዕዙ «ሰትየ» ጋር አንድ ነው። የእኛ «ግብዣ» ግን መብሉንም ስለሚጠቀልል አይበጅም። ግሪኮች እራቱን «ዴይፕኖን» ብለው ለይተው፣ ማዕዱ ተነሥቶ እጅ ከታጠቡ በኋላ ነበር ወደ መጠጡ የሚሻገሩት። ወይኑም «ክራቴር» በሚባል አፈ ሰፊ ዕቃ በውሃ ተበርዞ ይቀዳል፤ ሳይበረዝ መጠጣት የአረመኔ ወግ ነበርና። የብርዙን ልክ የሚወስነው ለዚያ ምሽት የተመረጠ አለቃ ነው። የጽዋ ማኅበራችንን ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩን አለቃ፣ ያስታውሳል፤ ቢሆንም «ጽዋ ማኅበር» ብለው እንዳይተረጉሙት አደራ እላለሁ፤ የቅዱሱ ዝክር የሌለበት፣ የቤቱ እመቤትም የማትገባበት ጽዋ ማኅበር የለም።

«ተቀመጡ» የሚለው ለጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ለሆሜር ጀግኖች ይሆናል፤ እነርሱ በወንበር ተቀምጠው ይበሉ ነበርና። ጋደም ማለት ከምሥራቅ የገባ ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን «አንድሮን» በሚባለው የወንዶች ክፍል፣ ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩ፣ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 11 በሚሆኑ ድንክ አልጋዎች ላይ፣ በግራ ክርናቸው ተደግፈው በቀኝ እጃቸው ይበሉና ይጠጡ ነበር።

ወደምወደው ቃል የምታደርሰኝም ይህችው ክርን ናት። የግዕዝ ወንጌል ተርጓሚዎች ግሪክኛው ለማዕድ ጋደም ማለትን በሚናገርበት ስፍራ «ረፈቀ» አሉ፤ ስሙም «ምርፋቅ» ነው። ዐረብኛ ክርንን «ሚርፈቅ»፣ ዕብራይስጥ «ማርፔቅ» ይሉታል፤ ሥሩ መደገፍ ነው። በመጨረሻው እራት ደቀ መዝሙሩ እንዴት በጌታ ደረት ላይ እንደ ተጠጋ በ«ተቀመጠ» ግራ የሚገባው አንባቢ፣ በ«ረፈቀ» ነገሩ ይገለጥለታል።

«ረፈቀ በግዕዙ ራሱ ለማዕድ መቅረብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ሥሩን ቆፍሮ ክርን ማውጣት ትርጉም አይሆንም» የሚል ወገን አለ። ትርጉም በሥር ሳይሆን በአጠቃቀም እንደሚጸና ለተማሪዎቼ የምነግረው እኔው ስለሆንሁ መልስ አጥሮኛል። ቃሉ ግን ለጆሮዬ ይጥመኛል፤ በግሪክኛ ሲጋደሙ ለኖሩ ሰዎች ከዚህ የሚቀርብ ስም አላገኘሁም።

«ሲምፖዚየም»ን በተመለከተ ልማድ አሸንፎኛል፤ ዛሬ ወረቀት የሚቀርብበት፣ የታሸገ ውሃ የሚጠጣበት ስብሰባ ስም ነው። ይህም ቢሆን ያለ ምክንያት አልመጣም። ፈላስፋው ፕላቶ በዚሁ ስም በጻፈው ድርሰት፣ በ416 ከክርስቶስ ልደት በፊት በተውኔት ደራሲው በአጋቶን ቤት የተሰበሰቡት እንግዶች የትናንቱ መጠጥ ገና ስላልለቀቃቸው በልክ ለመጠጣት ተስማምተው፣ ዋሽንት ነፊዋን አሰናብተው ስለ ፍቅር በየተራ ንግግር ያደርጋሉ። የመጠጡ ስም ለንግግሩ የተረፈው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት «ምርፋቅ፣ ማለትም ጋደም ተብሎ የሚጠጣበት ምሽት» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ «ምርፋቅ» ብቻ ይበቃዎታል። አርታኢዎ አሻፈረኝ ካለ «የመጠጥ ምሽት» ይበሉ። «ተቀመጡ»ን ግን ለሆሜር ይተዉለት።