«የባሕር ግዛት» ወይስ «የባሕር ክልል»?

ጥያቄ፦ አንድ ዜና «የቻይና መርከቦች በፊሊፒንስ የባሕር ግዛት ውስጥ፣ ሴኮንድ ቶማስ በተባለው ደሴት አጠገብ፣ በባሕር ኃይሏ ላይ የውኃ መድፍ ተኮሱ» ይላል። ሌላው ደግሞ «የባሕር ክልል» ይለዋል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ከሁለቱ «ክልል» ይሻላል፤ «ግዛት» ግን እዚህ ቦታው አይደለም። ቃሉ ከ«ገዛ» የወጣ ነውና የአገሪቱ ሥልጣን ሙሉ የሆነበትን ቦታ ይጠራል። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ አገር ባሕርን እንዲያ የሚገዛው ከዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ አልፎ እስከ 200 ማይል ዓሣውና ነዳጁ የእሱ ነው፤ የሌላ አገር መርከብ ግን ሳያስፈቅድ ይመላለሳል። ሴኮንድ ቶማስ ከፊሊፒንሷ የፓላዋን ደሴት 105 ማይል ገደማ ስለሚርቅ የሚወድቀው እዚህኛው ውስጥ ነው። ይህን ብዙዎች «ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና» ይሉታል። እኔ «ብቸኛ» ብል እመርጣለሁ፤ «ልዩ የኢኮኖሚ ዞን» ሲባል እኛ አገር ፋብሪካ የሚተከልበት ቦታ ነው የሚታወሰን።

«ደሴት» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የጣናን ደሴቶች የሚያውቅ አንባቢ ዛፍና መነኩሴ ይታየዋል። ሴኮንድ ቶማስ ግን ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ብቅ የሚል የኮራል ድንጋይ ነው፤ በ2016 የግልግል ዳኞች የፈረዱትም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በራሱ የባሕር ግዛት አያስገኝም። ፊሊፒንስም በ1999 ሴራ ማድሬ የተባለች አሮጌ የጦር መርከብ ሆን ብላ እላዩ ላይ አስቀመጠችና ወታደሮቿ እስከ ዛሬ በዛገው ብረት ውስጥ ይኖራሉ። ጠቡም ለእነርሱ ስንቅ በሚያደርሱት ጀልባዎች ላይ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር። የተመታችው መርከብ የባሕር ኃይል ናት ወይስ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ? ዜና አንባቢዎች ያምታቱታል፤ ማኒላ፣ ማለትም የፊሊፒንስ መንግሥት፣ ግን ዋጋ ከፍላበታለች። በ2012 ሁለቱም አገሮች የኔ ነው በሚሉት፣ ስካርቦሮ በተባለ ሌላ የኮራል ድንጋይ ላይ የቻይና ዓሣ አጥማጆችን ለመያዝ የጦር መርከብ ላከች፤ ቻይና ደግሞ ጦር ያልሆኑ የቁጥጥር መርከቦቿን ብቻ አሰለፈች፤ ነገሩን ወደ ጦር የወሰደችው ፊሊፒንስ መሰለች። ማኒላም የጦር መርከቧን አንስታ በጠረፍ ጠባቂ ተካች፤ ስካርቦሮ ግን በቻይና ቁጥጥር ሥር ቀረ። ዛሬም ስንቅ የሚጭኑትን ጀልባዎች አጅበው የሚሄዱት በአብዛኛው ነጫጮቹ የጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ናቸው። ከአሜሪካ ጋር በ1951 የተፈረመው የጋራ መከላከያ ውል ስለ ጦር ኃይልና ስለ መንግሥት መርከቦች ይናገራል እንጂ ጠረፍ ጠባቂን በስም አይጠራም፤ በ2023 የወጣው የሁለቱ አገሮች የመከላከያ መመሪያ ግን በስም ጠቅሶ በደቡብ ቻይና ባሕር የትም ቢጠቃ ውሉ እንደሚሠራ ጽፏል። ስለዚህ ዜናው ላይ «መርከቧ» ብቻ ብለው አይለፉት፤ የማን እንደሆነች ይጻፍ።