የኮሪያ ድራማ ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ ደራሲዋን እዩ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ማታ ስለ ኮሪያ ድራማ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን ላስቀድም። ድራማ ስትመርጡ የተዋናዩን መልክ ተዉትና የደራሲውን ስም እዩ። ኮሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ 16ቱንም ክፍል የምትጽፈው አንዲት ደራሲ ናት። ድራማው ቢያምርም ቢበላሽም ከእሷ ነው።

ቤዛ፦ ሔሉ፣ አሪፍ ድራማ ጠቁሚኝ እስቲ።

ሔለን፦ ምን ዓይነት? ፍቅር? ወንጀል? ታሪክ? እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ መመለስ አልችልም። ከዚህ በፊት የወደድሽውን አንድ ንገሪኝና ከዚያ እንነሳ።

ዳዊት፦ ሳጉክ (የኮሪያ የታሪክ ድራማ) ማየት ልጀምር ነው። የድሮ ነገሥታት ታሪክ ደስ ይለኛል፣ ግን 50 ክፍል ሲባል ይደክመኛል። በየቱ ልጀምር?

ሔለን፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በ«ዘ ሬድ ስሊቭ» ጀምር። የ2021 ሥራ ነው፣ 17 ክፍል ብቻ። ታሪኩ የንጉሥ ጆንግጆና የቤተ መንግሥት አገልጋይዋ የዶክኢም ነው። ከማየትህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። የጆንግጆን አባት፣ ልዑል ሳዶን፣ የገዛ አባቱ ንጉሥ ዮንግጆ በ1762 የሩዝ ሳጥን ውስጥ አስቆለፈበት። በ8ኛው ቀን ሞተ። ጆንግጆ ያኔ ገና ልጅ ነበር። ይሄን ይዘህ ስታይ አያትየው ፊት ለምን እንደዚያ እንደሚጠነቀቅ ይገባሃል።

ዶክኢም ደግሞ ንጉሡን እምቢ ያለች ሴት ናት። የደራሲ ፈጠራ እንዳይመስልህ። ከሞተች በኋላ ንጉሡ ራሱ ለመቃብሯ በጻፈው ጽሑፍ እምቢ እንዳለችው አስፍሯል። ሌላው የፍቅር ድራማ «ተጋቡ፣ አለቀ» ሲል ይሄኛው ከዚያ በኋላ ያለውን ያሳይሃል። ንጉሥ የወደዳት ሴት ምን ታጣለች? መልሱን አልነግርህም።

ግን ሳጉክ ታሪክ አይደለም፣ ድራማ ነው። «ጁሞንግ»ን 81 ክፍል አይቶ የጎጉርዮን፣ የጥንቱን የኮሪያ መንግሥት፣ ታሪክ አውቃለሁ የሚል ሰው አለ። ጁሞንግ የጎጉርዮ መሥራች ነው ቢባልም ስለ እሱ የተጻፈው አፈ ታሪክ ይበዛዋል፤ ከእንቁላል ተፈለፈለ ይላል። የቀረውን የሞሉት ደራሲዎቹ ናቸው።

ናቲ፦ ኧረ ጁሞንግን አትንኪብን!

ሔለን፦ አልነካሁትም። ታሪክ አይደለም ነው ያልኩት።

ፌቨን፦ 81 ክፍል ከማይ የቱርክ ባይ ይሻለኛል።

ናቲ፦ የቱርኩ አንዱ ክፍል ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ አይደል እንዴ?

ፌቨን፦ ቢሆንም ስሜት አለው። ኮሪያዎቹ እጅ ለእጅ እስኪያያዙ ስምንት ክፍል ይሄዳል።

ናቲ፦ ውበቱ እሱ ነዋ!

ሔለን፦ የቱርክን ሌላ ቀን። እዚህ ጥያቄ ያለው ሰው እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ተስፋ፦ ልጄ፣ ለሕዝቡ ፊደል ስለቀረጸው ንጉሥ የተሠራ አለ ይባላል። እውነት ነው?

ሔለን፦ አለ ጋሼ። «ትሪ ዊዝ ዲፕ ሩትስ» ይባላል፤ በ2011 የወጣ፣ 24 ክፍል። ንጉሥ ሴጆንግ የኮሪያን ፊደል፣ ሃንጉልን፣ በ1443 ጨርሶ በ1446 አወጀው። ከዚያ በፊት የሚጻፈው በቻይና ፊደል ነበር። ያንን ለመማር ዓመታት ያስፈልጋል፤ ገበሬ ደግሞ ያ ጊዜ የለውም። በ1444 ቾ ማልሊ የሚባል ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፊደሉን የሚቃወም ጽሑፍ ለንጉሡ አቀረበ። ድራማው የቆመው እዚህ ፍጥጫ ላይ ነው። ድሃው ማንበብ ከቻለ ሥልጣን የማን ይሆናል? ግድያዎቹና ምስጢራዊው ማኅበር ፈጠራ ናቸው፣ ክርክሩ ግን የእውነት ነው። ንጉሡ ሲናደድ ይሳደባል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። የምወደው ለዚህ ነው፤ ሐውልት አላደረጉትም። ከደራሲዎቹ አንዷ ኪም ዮንግ ህዮን «ዴ ጃንግ ገም»ንም የጻፈች ናት። ደራሲዋን እዩ የምለው ለዚህ ነው። እርስዎ ይወዱታል።

ሙና፦ የወንጀል ምርመራስ?

ሔለን፦ «ሲግናል»፣ 2016፣ 16 ክፍል። የዛሬ መርማሪ በአሮጌ የፖሊስ ሬዲዮ ከድሮ መርማሪ ጋር ያወራል። ከመነሻዎቹ አንዱ በ1986 እና በ1991 መካከል ሴቶች የተገደሉበት የህዋሶንግ ጉዳይ ነው። ድራማው ሲታይ ገዳዩ አልታወቀም ነበር። በ2019 በዲኤንኤ ተለየ። ደራሲዋ ኪም ኡን ሂ ናት፤ በጆሶን (በድሮው የኮሪያ ሥርወ መንግሥት) ዘመን ዞምቢ የሚነሳበትን «ኪንግደም»ንም የጻፈችው እሷ ናት። ዘውጉ ሌላ፣ እጇ አንድ። ሁለቱም ላይ የሚያስፈራው የባለሥልጣኑ ዝምታ ነው።

ሳሚ፦ ፔንትሃውስ?

ሔለን፦ አልመክርም። የሞተ ሰው እየተመለሰ የሚያስገርመኝ ነገር አልቀረም።

ቤዛ፦ እሺ፣ ብቻ አሪፍ የሆነ፣ የማይሰለች...

ሔለን፦ ቤዚ፣ አንድ ስም ብቻ ነው የጠየቅኩሽ።

ቤዛ፦ ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ።

ሔለን፦ እንዲህ በይኛ! የጻፈችው ፓርክ ጂ ኡን ናት። የእሷን «ማይ ላቭ ፍሮም ዘ ስታር» እዪ፤ 21 ክፍል። ሰውዬው ከሌላ ዓለም ወደ ጆሶን የመጣው በ1609 ነው። ዓመቱ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል ሰማይ ላይ ስለታየ እንግዳ ነገር መዝግቧል።

ፌቨን፦ ለምንድን ነው የኮሪያ ድራማዎች መጨረሻቸው የሚበላሸው?

ሔለን፦ ለረጅም ጊዜ ድራማው በሳምንት ሁለት ቀን እየተላለፈ ቀሪው ገና ይጻፍ ነበር። ጽሑፉ ቀረጻ ቦታ በዕለቱ ይደርስ ነበር። ተመልካች ሲያጉረመርም ታሪኩ ይቀየራል። በ14ኛው ክፍል ደራሲዋም ተዋናዩም ድክም ብሏቸዋል። «ዲሴንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን» በ2016 ሙሉ በሙሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ መቅረጽ በዝቷል።

ናቲ፦ አጠር ያለ ሳጉክ ጠቁሚኝ።

ሔለን፦ ለዳዊት መልሻለሁ። ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ሙና፦ በአማርኛ አጥሮ የተተረከውን ባይስ? ጊዜ የለኝም።

ሔለን፦ አትዪ። ደግሜ እላለሁ፣ አትዪ። «ማይ ሚስተር»ን ውሰጂ። ልጅቷ የሰውየውን ስልክ ጠልፋ ትሰማዋለች። እርምጃውን፣ ትንፋሹን፣ ብቻውን ሲሆን የሚያወጣውን ድምፅ። እሱን እንድታስባርር ተቀጥራ ቀስ በቀስ ልቧ የሚለወጠው በመስማት ነው። ተራኪው እዚያ ላይ «አሁን እያዘነችለት ነው» ብሎ ሲናገርበት ምን ቀረሽ? ጊዜ ካጣሽ በሳምንት አንድ ክፍል እዪ፣ ከነትርጉም ጽሑፉ፣ ሙሉውን። ደራሲዋ ፓርክ ሄ ዮንግ ትባላለች፤ ስሟን ያዢው።